እባባችሁ ቆዳውን ሲቀይር፦ ምን ማድረግ፣ መቼ እጅ መሰብሰብ

የመጀመሪያው እባቤ ዓይኑ የደፈረሰ ጊዜ ታወረ ብዬ ነበር። ኮርን ስኔክ የሚባል መርዝ የሌለው እባብ ነው፤ ቤት ከገባ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ። አንድ ማለዳ የሳጥኑን ክዳን ስከፍት፣ ትናንት እንደ ጥቁር ዶቃ ያበራ የነበረው ዓይኑ ጭስ በመሰለ ሰማያዊ ግራጫ ነገር ተጋርዶ አገኘሁት። ደነገጥኩ። አወጣሁት፣ በባትሪ እያበራሁ መረመርኩት፣ ለብ ባለ ውሃ በነከርኩት ጥጥ ዓይኑን ጠረግኩለት። ይባስ ብዬ «ቢበላ ይሻለዋል» በሚል አይጥ አቀረብኩለት። ከሳምንት በኋላ ቆዳው ቁርጥራጭ እየሆነ ወረደ፤ ጭራው ጫፍ ላይ የቀረውን ለማላቀቅ ደግሞ ሌላ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እባቡ አልታመመም ነበር። ቆዳውን ሊቀይር እየተዘጋጀ ነበር፤ የረበሽኩት እኔው ነኝ።

ይህ መመሪያ እንግዲህ በአመዛኙ የዚያን ሳምንት ሥራዬን መገልበጥ ነው። ቆዳውን ለሚቀይር እባብ ጠባቂው የሚሠራው ሥራ ከሞላ ጎደል አስቀድሞ ያልቃል፤ እርጥበቱን ማስተካከል፣ መሸሸጊያ ማዘጋጀት፣ ውሃ መሙላት። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው ትዕግሥት ነው። ትዕግሥት ደግሞ ክፉኛ የሚፈተነው ብዙ ሰው «አለፈ» ብሎ በሚያስብባቸው ቀናት፣ ዓይኑ ከጠራ በኋላ ነው።

ከቆዳው ሥር ምን እየተደረገ ነው?

የእባብ ውጫዊ ቆዳ ኬራቲን ከሚባለው፣ የእኛም ጥፍር ከተሠራበት ነገር የተሠራ ነው። ይህ የደረቀ ሽፋን ከእባቡ ጋር አብሮ አያድግም፤ ቢቧጠጥም ራሱን አይጠግንም። ስለዚህ ሰውነቱ ከሥር ሌላ ሙሉ ልብስ ይሠራል። አዲሱ ሊያልቅ ሲል በሁለቱ መካከል ሊምፍ የመሰለ ፈሳሽና የሚያላቅቁ ኢንዛይሞች ይገባሉ። እባቡ ደብዝዞ የሚታየው በዚህ ፈሳሽ ምክንያት ነው። እኛም ቆዳችንን እንቀይራለን፤ የእኛ ግን ዕለት ዕለት እየተፈረፈረ ስለሚረግፍ ማንም ልብ አይለውም። የእባብ በአንድ ጊዜ፣ ከአፍ ጫፍ እስከ ጭራ ጫፍ ነው።

ዓይኑስ? እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ አይጨፍንም፣ አይጠቅስም። ዓይኑን የሚጋርደው መስታወት የመሰለ አንድ ግልጽ ቅርፊት ነው። ይህ ቅርፊት የቆዳው አካል ስለሆነ በየጊዜው አብሮ ይወልቃል። ፈሳሹ ከሥሩ ሲገባ ዓይኑ እንደ ወተት ይደፈርሳል፤ ፈሳሹ ሲመጠጥ ይጠራል። የደፈረሰው ዓይኑ ሳይሆን የመስኮቱ መስታወት ነው ማለት ነው። ቢሆንም በደፈረሰ መስታወት ውስጥ ማየት ከባድ ነው፤ የሚቀጥሉት ቀናት ጠባዩ አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

ስንት ጊዜ እንደሚቀይር በዕድሜውና በምግቡ ይወሰናል። ፈጥኖ የሚያድግ ጨቅላ በየአራት፣ በየስድስት ሳምንቱ ሊቀይር ይችላል፤ ያደገው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ። ከእንቁላል የወጣ ጨቅላ የመጀመሪያውን ቆዳ የሚጥለው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ምግብ ማቅረብ አያስፈልግም፣ በሆዱ ያስቀረው አስኳል ይበቃዋል። ከዓመት ወደ ዓመት ልዩነቱ እየሰፋ ቢሄድ አትጨነቁ። ያደገ እባብ በድንገት በየሁለት ሳምንቱ መቀየር ከጀመረ ግን ነገር አለ፤ ቁስል፣ ቃጠሎ ወይም ሌላ የውስጥ ችግር ሊሆን ስለሚችል ይታይ።

አንደኛ፦ ምልክቱን ከውጭ ሆናችሁ አንብቡ

አንድ ደብተር ይኑራችሁ። መቼ እንደበላ፣ መቼ እንደደበዘዘ፣ መቼ ዓይኑ እንደደፈረሰ፣ መቼ እንደጠራ፣ መቼ እንደጣለ፤ አምስት ቀን መመዝገብ ነው። ሦስት አራት ዙር ከመዘገባችሁ በኋላ የራሳችሁን እባብ ልማድ ከማንም መጽሐፍ ይበልጥ ታውቃላችሁ።

ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ቀለሙ ወዙን ያጣል፤ ቢጫው አመድ ይነካዋል፣ ጥቁሩ ቡናማ ይመስላል። በዚሁ ሰሞን የሆዱ ቅርፊት ሮዝ ይሆናል፤ ይህ በተለይ ቦል ፓይተን በሚባለው አጭርና ወፍራም ዘንዶ ላይ ጎልቶ ይታያል። አዲስ ጠባቂዎች የሆዱን መቅላት አይተው በማሞቂያው ተቃጠለ ብለው ይሸበራሉ። ቃጠሎ ግን ማሞቂያው በነካው ቦታ ብቻ ይቀላል፣ ውሃም ይቋጥራል፤ ይሄኛው ሆዱን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው የሚያቀላው። ከጥቂት ቀን በኋላ ዓይኑ ይደፈርሳል፤ እንደዚያ ሆኖ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ገደማ ይቆያል። ከዚያ በአንድ ሌሊት የሆነ ያህል ይጠራል።

ማታለያው እዚህ ጋ ነው። ዓይኑ ጠራ፣ ቀለሙም ትንሽ ተመለሰ፤ ቆዳው ግን አልወለቀም። ሳጥኑን ብትፈትሹ ምንም የለም። ያኔ ሰው ወይ «ሳላየው ጥሎት በልቶታል» ይላል (እባብ የጣለውን ቆዳ አይበላም፤ እሱ የሌሎች ተሳቢዎች ጠባይ ነው)፣ ወይ ያልፈለገውን እርዳታ ሊሰጠው ይነሳል። የሆነው ፈሳሹ መመጠጡ ብቻ ነው። አሮጌው ቆዳ አሁንም ላዩ ላይ አለ፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ለመውለቅ የተዘጋጀ። ከዚህ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሳምንት ይጠብቃል። እርጥበት ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልገው በእነዚህ ቀናት ሆኖ ሳለ ጠባቂው ዓይኑን ጥርት ብሎ ሲያየው ውሃ መርጨቱን የሚያቆመውም ያኔውኑ ነው። የተቆራረጡ ቆዳዎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ለማየት ማውጣት አያስፈልግም። ሆዱን በመስታወቱ ላይ ሲንፏቀቅ ታዩታላችሁ፤ ዓይኑን ደግሞ ከጎን፣ በደብዛዛ ብርሃን። ሙሉ ለሙሉ ጥቁር በሆነ እባብ ላይ የመጀመሪያው መደብዘዝ ያመልጣችሁ ይሆናል፤ ዓይኑን ጠብቁ። ቀይ ዓይን ባላቸው ነጫጮች ላይ ደግሞ ድፍርስርሱ ሰማያዊ ሳይሆን የደበዘዘ ሮዝ መስሎ ነው የሚታየው።

ሁለተኛ፦ እርጥበቱን አስቀድማችሁ አስተካክሉ

ከሁሉም እርምጃ በዚህኛው ላይ እንድትዘገዩ እፈልጋለሁ፤ ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ይህ ከጎደለ ዋጋ የለውም።

በአዘቦቱ ቀን ኮርን ስኔክና ኪንግ ስኔክ ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ይበቃቸዋል፤ ቆዳ ሲቀይሩ ወደ 60 ከፍ አድርጉት። ቦል ፓይተን በአዘቦቱ ከ55 እስከ 65፣ በመቀየሪያው ሰሞን 70 እና ከዚያም ትንሽ ከፍ ቢል ይስማማዋል። ሬይንቦ ቦኣ የመሳሰሉት የእርጥብ ደን እባቦች ሁልጊዜም ከ75 በመቶ በታች መውረድ የለባቸውም። ማሳደጉን የምትጀምሩት ቀለሙ ወዙን ማጣት እንደጀመረ ነው፤ የምታቆሙት ቆዳውን በእጃችሁ ስትይዙት።

በመቶኛ የሚነገረው እርጥበት ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ አየር ሲሞቅ ብዙ ውሃ የመያዝ አቅም ስለሚያገኝ መቶኛው ይወርዳል። በቀዝቃዛው ዳር 70 የሚያነብ ሳጥን ከመብራቱ ሥር 40 ሊያነብ ይችላል። መለኪያውን መስታወቱ ላይ ከፍ አድርጎ መለጠፍ ስለዚህ ከንቱ ነው፤ እባቡ የሚተኛው እታች ነው። ሽቦ ያለው ዲጂታል መለኪያ ግዙ፣ ጫፉን በንጣፉ ደረጃ አስቀምጡት። ቀስት እየዞረ የሚያሳየውን ክብ መለኪያ እኔ አላምነውም። አንዱን ከሌላው ጎን አስቀምጬ የ20 ነጥብ ልዩነት አይቼባቸዋለሁ።

እርጥበቱ ሲጎድል ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ መርጫ አንስቶ ማርከፍከፍ ነው። መርጨት ለአንድ ሁለት ሰዓት ያነሳዋል፤ ከዚያ ይወርዳል፣ ሰውየው እንደገና ይረጫል፤ በሦስተኛው ቀን ንጣፉ ረግረግ ሆኗል። እባብ በጨቀየ ንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ከቆየ የሆዱ ቅርፊት ውሃ ይቋጥርና መበስበስ ይጀምራል። ቅዝቃዜ ሲጨመርበት ደግሞ ሳንባውን ያመዋል። የሚሻለው ይህ ነው፦ ሽቦ ክዳን ካለው ከግማሽ በላዩን በፕላስቲክ ወይም በፎይል ሸፍኑት፣ አየር መግቢያ ግን ተዉለት፤ የውሃውን ሳህን ሰፊ አድርጉት፣ ወደ ሞቃቱ በኩል አስጠጉት፤ ንጣፉ እንደ ኮኮናት ገለባ ያለ ውሃ ያዥ ከሆነ በማዕዘኑ በኩል ውሃ አፍስሳችሁ ከሥሩ እንዲረጥብ፣ ላዩ እንዲደርቅ አድርጉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን እርጥብ መሸሸጊያው ነው። አንድ ብቻ አድርጉ ብትሉኝ እሱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሳጥኑን በሙሉ ከማርጠብ ይልቅ እባቡ ሲፈልግ የሚገባበት፣ ሲበቃው የሚወጣበት አንድ እርጥብ ክፍል ይሰጠዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ክዳን ያለው፣ ብርሃን የማያሳልፍ የፕላስቲክ ዕቃ ውሰዱ፤ ተጠቅልሎ ሲተኛ ግድግዳው ጎኑን የሚነካው ያህል ጠባብ ይሁን፣ ሰፊ ቤት ውስጥ እባብ የተሸሸገ አይመስለውም። በጎኑ ወይም በክዳኑ ላይ ከሰውነቱ ወፍራም ቦታ በትንሹ የሚሰፋ ቀዳዳ ብሱ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ በዚያ ሰሞን ቆዳው ስስ ነው፣ የሹል ፕላስቲክ ጫፍ ይቀደዋል። ስፋግነም የሚባለውን ውሃ ያዥ ሞስ (እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ዕፅ) ንከሩና ጨምቁ። መጠኑ ይኸው፦ በጭብጣችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ቢወርድ ልክ ነው፣ ቢፈስስ በዝቷል። ሞስ ከሌለ የተጨመቀ የወጥ ቤት ሶፍት ያገለግላል። የዕቃውን ግማሽ ሙሉት፣ ክዳኑን ግጠሙት፣ በሞቃቱ በኩል ወይም መሐል ላይ አስቀምጡት፤ በቀዝቃዛው ዳር ካስቀመጣችሁት እርጥብ ጓዳ ሳይሆን ብርዳም ዋሻ ይሆናል። በሁለት ቀን አንዴ አሽትቱት። የሻገተ ሽታ ካለው ሞሱን ጣሉና አዲስ አድርጉ።

ሙቀቱንም በዚያው ተመልከቱ። ለቦል ፓይተን ሞቃቱ ቦታ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀዝቃዛው ከ25 እስከ 27 ቢሆን ይስማማዋል፤ ኮርን ስኔክ በሞቃቱ ቦታ ከ28 እስከ 30 ይበቃዋል። እንደ ወትሮው ካልሞቀው አዲሱ ቆዳ በጊዜው አይደርስም፣ ሁሉም ነገር ይጓተታል።

አንድ የቀረ ነገር፦ ሸካራ ነገር አስገቡለት። የዛፍ ቅርፊት፣ ግንድ፣ ሸንተረር ያለው ድንጋይ። ሹል አይሁን እንጂ መታከኪያ ይሁን።

ሦስተኛ፦ እጃችሁን ሰብስቡ

አሁን ጠባዩ ይለወጣል። ማታ ማታ ሳጥኑን ሲያስስ የነበረው እባብ ከመሸሸጊያው ሳይወጣ ቀናት ያሳልፋል። በእጅ ለመያዝ የለመደው ያፏጫል፣ አንገቱን እንደ «ኤስ» ፊደል አጥፎ ይጠብቃችኋል፤ አንዳንዱም ይነክሳል። ይህ ቁጣ አይደለም። ወደሱ የሚመጣውን ጥላ መለየት አይችልም፤ እጅ ይሁን ጭልፊት ምን ያውቃል? በዱር ቢሆን በዚህ ሰሞን ጉድጓዱ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ አትያዙት። ውሃ መለወጥ፣ የቆሸሸ ማንሳት የግድ ነው፤ ከዚያ ውጭ ዓይኑ መደፍረስ ከጀመረበት ቀን ቆዳው እስከሚወልቅበት ድረስ በሳጥኑ ውስጥ ይቆይ። የግድ ማንሳት ካለባችሁ በመጀመሪያ በመንጠቆ ወይም በተጠቀለለ ወረቀት ጎኑን በቀስታ ንኩት፣ እንግዳ እንዳለ ይወቅ፤ ከዚያ ከሥሩ ደግፋችሁ አንሱት። በጣታችሁ አትጫኑት፣ ቆዳው በእጃችሁ ላይ አይንሸራተት። በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ፈሳሽ አለ ብለናል፤ ያለ ጊዜው የተላቀቀ ቆዳ ሥሩ ያልበሰለ አዲስ ቆዳ ነው የሚጠብቃችሁ።

ምግብስ? ብዙዎቹ አይበሉም፤ ቦል ፓይተን በዚህ የታወቀ ነው። ኮርን ስኔክ ግን ዓይኑ ደፍርሶም ሊበላ ይችላል። የኔ ፍርድ፦ ቢበላም አታቅርቡለት። ያልበላው አይጥ በሳጥኑ ውስጥ ይበሰብሳል፤ የተበላው ደግሞ ሆዱን አሳብጦ መታከኩን ያከብድበታል፣ ከተረበሸም ሊያስመልሰው ይችላል። ጤነኛ እባብ ሁለት ሳምንት ሳይበላ መቆየት ምኑም አይደለም። ሕያው አይጥ ደግሞ ከቶ አታስገቡ፤ ማየት የተሳነውን እባብ አይጧ ናት የምትበላው።

ውሃ ሳህኑ ውስጥ ተጠምዝዞ ተኝቶ ካገኛችሁት ብዙ ጊዜ ቆዳውን እያለሰለሰ ነው፤ ተዉት። ግን ውሃውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከሥሩ ላይ የቁንዶ በርበሬ ፍርፋሪ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ተኝተው ከሆነ፣ አንዱም ሲንቀሳቀስ ካያችሁት፣ የገባው ለቆዳው ብሎ አይደለም፤ የእባብ ቅንቅን ይዞታል፣ ሊያሰጥመው ነው። ቅንቅን በዓይኑ ዙሪያና በአገጩ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ይሸሸጋል፣ ቆዳ መቀየሩንም ያበላሻል። ማከሙ የራሱ ረጅም ሥራ ነው፤ ለእባብ በሚሆነው መድኃኒትና መጠን ላይ ሐኪም አማክሩ። እንዲሁም ሳጥኑ ከሚገባው በላይ ሲሞቅ ውሃ ውስጥ ይሸሻልና ቴርሞሜትሩን እዩ።

አራተኛ፦ ቀኑ ሲደርስ ተመልከቱ እንጂ አትግቡ

ብዙውን ጊዜ በሌሊት ይሆንና ጠዋት ቆዳውን ብቻ ታገኛላችሁ። ዕድል ከቀናችሁና ካያችሁት ግን የማይረሳ ነገር ነው። ተሸሽጎ የሰነበተው እባብ በድንገት ይቁነጠነጣል፣ ሳጥኑን ይዞራል። አፉን ይከፍታል፣ ያዛጋ ይመስላል፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ያለውን ቆዳ እያላቀቀ ነው። አፍንጫውን በዛፉ ቅርፊት ላይ ያሻል፣ አገጩን በድንጋዩ ላይ ይጎትታል። ከንፈሩ ላይ አንድ ነጭ ጠርዝ ብቅ ይላል። ያ ጠርዝ አንድ ነገር ላይ ሲይዝለት እባቡ ወደ ፊት ይሳባል፣ ቆዳው ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ካልሲ ከአፉ ይዞ ገልብጦ እንደ ማውለቅ ነው። ጭንቅላቱ ሲወጣ ቀለሙ የታጠበ ሥዕል ይመስላል፤ ገና ያልወለቀው ወገን ከአንገቱ በታች አመድ እንደለበሰ ነው። በሆዱ እየተጨማደደ እየተለጠጠ ይሄዳል፣ ቆዳውም ከኋላው እንደ ረጠበ ቀለበት እየተጠቀለለ ይቀራል።

ከጀመረ በኋላ ከጥቂት ደቂቃዎች እስከ አንድ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ካረፈ አትደንግጡ። ግማሹ ላይ ቆሞ ሃያ ደቂቃ የቆየ እባብ አጋጥሞኛል፤ ልረዳው እጄን ሰድጄ ሳጥኑ ጋ ስደርስ ሥራውን ቀጠለ። የረጠበውን ጫፍ ይዛችሁ «ትንሽ ልጎትትለት» አትበሉ።

አምስተኛ፦ የወለቀውን ቆዳ መርምሩ

ቆዳው ደርቆ ሳይሰባበር አንሱት። ተጠቅልሎ ከሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አድርጉትና በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ ዘርጉት። መጀመሪያ ጭንቅላቱን ፈልጉ። ሁለት ክብ፣ ጎበጥ ያሉ፣ እንደ ኮንታክት ሌንስ የጠሩ ቦታዎች መኖር አለባቸው። በቦታቸው ካሉ ዓይኖቹ ነጻ ናቸው። ቦታው ቀዳዳ ከሆነ ሽፋኑ ዓይኑ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ ወይ ተቀዶ በንጣፉ ውስጥ ወድቋልና እሱንም ፈልጉ። ቀጥላችሁ ጭራውን እዩ፤ ጫፉ ሹል ሆኖ የተዘጋ መሆን አለበት። ክፍት ቱቦ ከሆነ ጫፉ የቀረው እባቡ ላይ ነው።

ስትለኩት ከእባቡ ሲረዝም አትገረሙ፤ በቅርፊቶቹ መካከል ታጥፎ የነበረው ሁሉ ተለጥጦ ነው። እባቤ አንድ ክንድ አደገ ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። ቀለሙም ግልጽ ነው ለማለት ይቻላል፤ ቀለሙን የሚሰጡት ሕዋሳት አብዛኞቹ ከሥር፣ በማይወልቀው ቆዳ ውስጥ ናቸው፣ የጥቁሩ ጌጥ ጥላ ግን ይታይበታል። በነገራችን ላይ የወለቀ ቆዳ ዘረመል ስላለበት ለቀለም ዘርና ለጾታ ምርመራ የሚቀበሉት ላቦራቶሪዎች አሉ፤ አድርቃችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡት። በፕላስቲክ ከሆነ ይሻግታል።

እኔ አንዱን ወንበር ላይ ዘርግቼ ላደርቅ ትቼው ወጥቼ፣ ልትጠይቀኝ የመጣች ዘመዴ ጩኸቷን ያሰማችው መንገድ ድረስ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ እሷ ደግሞ እባቡን ሳታይ በገለፈቱ በረየች። ማድረቂያ ስትመርጡ ሰው የማይገባበት ቦታ ይሁን። ቆዳውንም ሳጥኑንም ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የሚባለውን ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ይይዛሉ።

ስድስተኛ፦ ተቆራርጦ ከቀረ

ቆዳው አካሉ ላይ በጥፍጥፍ ከቀረ መጀመሪያ አንድ ቀን ስጡት። እርጥቡን መሸሸጊያ አድሱለት፣ በራሱ ያላቅቀው ይሆናል። ካልሆነ ሁለት መንገድ አለ።

የታወቀው ማጥለቅ ነው። ክዳኑ የተበሳ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ አድርጉ፤ ጥልቀቱ የሰውነቱን ግማሽ ውፍረት አይለፍ፣ ሳይዋኝ ጭንቅላቱን ከፍ አድርጎ ማረፍ መቻል አለበት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ እናንተም ከአጠገቡ አትራቁ። እኔ ግን የምመርጠው የእርጥብ ፎጣውን መንገድ ነው። ሁለት ፎጣ በለብታ ውሃ ነክራችሁ ጨምቁና ያንኑ ዕቃ ሙሉበት፣ እባቡን መሐላቸው አስገቡት፣ ዕቃውን ሙቀቱ 28 ዲግሪ በሆነ ቦታ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። አይደክምም፣ አይሰጥምም፣ በእጥፋቱ መካከል ሲሽሎከሎክ ፎጣው ራሱ እያሸ ያላቅቅለታል። ከወጣ በኋላ ትርፍራፊ ካለ እርጥቡን ፎጣ በእጃችሁ ላላ አድርጋችሁ ያዙና በውስጡ እንዲያልፍ ፍቀዱለት። አቅጣጫው ሁልጊዜ ከራስ ወደ ጭራ ነው። አልላቀቅ ካለ ነገ ይደገማል። ደረቅ ቆዳ በጥፍር መላጥ፣ ዘይት፣ ቫዝሊን፣ ሳሙና አይነካውም።

ጭራው ጫፍ የቀረውን ንቃችሁ እንዳትተዉት። ቆዳው ሲደርቅ ይጠብባል፤ በጫፉ ላይ እንደ ክር ቀለበት ሆኖ የደም ዝውውሩን ያንቀዋል፣ በላዩ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ቆዳ ከተደረበበት ጫፉ ጠቁሮ ይሞታል። ጫፉን ብቻ በለብታ ውሃ አርጥባችሁ፣ በእርጥብ የጆሮ ጥጥ ወደ ጫፉ አቅጣጫ እያንከባለላችሁ አላቅቁት።

ዓይን ላይ የቀረ ሽፋን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጀግና አትሁኑ። በወረንጦ የሚነቅሉ፣ በፕላስተር ለጥፈው የሚያነሱ ሰዎች አሉ። በቀረው ሽፋንና በአዲሱ ሽፋን መካከል ያለውን ልዩነት በእጅ መለየት አይቻልም፤ አዲሱ ከተነቀለ ዓይኑ ራቁቱን ይቀራል፣ ይደርቃል፣ ይጠፋል። መጀመሪያ በእርግጥ መቅረቱን ለዩ፦ የቀረበት ዓይን ከሌላው ይልቅ ደብዛዛ፣ ሽብሽብ ወይም ብርማ ነው፣ ጠርዙም ላይ ትንሽ ቆዳ ይታያል። ጎድጎድ ያለ ግን ጥርት ያለ ዓይን የውሃ ጥም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ውሃና እርጥበት ሲያገኝ ይሞላል። በእርግጥ ቀርቶ ከሆነ እርጥበቱን ጠብቃችሁ እስከሚቀጥለው ዙር ቆዩ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይወጣሉ። በሁለተኛውም ካልወጣ ተሳቢ እንስሳትን የሚያውቅ ሐኪም ያንሳው።

ወደ ሐኪም ሳትዘገዩ የምትሄዱባቸው ምልክቶችም አሉ፦ የጠቆረ ወይም ያበጠ የጭራ ጫፍ፣ ያበጠ ዓይን፣ ሆዱ ላይ ውሃ የቋጠረ ቅርፊት፣ አፍን ከፍቶ መተንፈስና በአፍንጫ አረፋ ማውጣት። እርጥበቱ ልክ ሆኖ ሳለ ቆዳው በተከታታይ ከተቆራረጠም እንዲሁ።

ሰባተኛ፦ ከዚያ በኋላ

ሳጥኑን አጽዱ፤ ቆዳውን እንደጣለ ብዙ እባብ ይጸዳዳል፣ ይጠጣልም። እርጥቡን መሸሸጊያ አውጡና ሞሱን ጣሉ፣ እርጥበቱን ወደ አዘቦቱ መልሱ። መዝኑት፤ ባዶ ሆዱን ስለሆነ ከዚህ የተሻለ የመመዘኛ ቀን የለም። አንድ ሁለት ቀን ቆይታችሁ አብሉት፤ ጾሞ ስለሰነበተ ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት ነው የሚነጥቀውና እጃችሁን ሳይሆን መቆንጠጫ ተጠቀሙ።

ሴት ከሆነችና ከወንድ ጋር ሰንብታ ከነበረ ግን ደብተራችሁ ላይ ያንን ቀን አክብቡት። እንቁላል ጣይ እባቦች ከመጣላቸው በፊት አንድ ቆዳ ይቀይራሉ። ቦል ፓይተን ከዚያ ቆዳ በኋላ 30 ቀን ገደማ ቆይታ ትጥላለች፤ ኮርን ስኔክ ላይ ጊዜው ያጥራል፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። ለእሷ ከሆነ ያንን የሞስ መሸሸጊያ አታውጡት፤ ሰፋ ባለ ዕቃ ቀይሩትና እዚያው ሞቃቱ በኩል ተዉላት፣ መጣያዋ እሱ ነው።